ክዳን የሸፈነው ሥራ

ክረምት ለገበሬ የሞፈርና የቀንበር ጊዜ ነው፤ ለአስተማሪ ግን ትምህርት ቤት ተዘግቶ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ወራት ነው። እኔ ዕድሜዬን በማስተማር ያሳለፍሁ ሰው በመሆኔ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዓመቱ በሙሉ ክረምት ሆኖብኝ ነበር። ሥራ የፈታ ሰው አሳቡ በራሱ ላይ ይዞራል፤ የጉልበቱን ቁርጥማት ይቆጥራል፤ የጎረቤቱን ነገር ያዳምጣል፤ ያለፈውን ዘመን እያመሰገነ የዛሬን ልጆች ይነቅፋል። ከዚህ ደዌ ያዳነኝ የሐኪም መድኃኒት አይደለም፤ አንድ ወዳጄና በግቢው ውስጥ በቆርቆሮ ዳስ ሥር የሚጠግናቸው ሞተር ብስክሌቶች ናቸው።

ወዳጄ እኩያዬ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ብዙ ዘመን የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ዓይኑ ለሌሊት ጉዞ ሲደክም መሪውን ትቶ መፍቻ ያዘ። እርሱ ሙስሊም ነው፤ እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ክርስቲያን ነኝ። እርሱ ለሶላት ሲነሣ እኔ የተፈታውን ቡሎን በሳህን እየለቀምሁ እጠብቀዋለሁ፤ እሑድ እኔ ወደ ጸሎት ስሄድ ደግሞ እርሱ ያለ ረዳት የሚሠራውን ሥራ ብቻ መርጦ ይይዛል።

ከሚሴ በቦርከና ሸለቆ፣ በጨፋ ሜዳ ዳር የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፤ ከእርሱ ወጥተው ወደ ገጠር የሚገቡት መንገዶች ግን ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን ጭቃ ይሆናሉ። በዚያ ጭቃ ላይ በሽተኛውን ወደ ሐኪም፣ ነጋዴውን ወደ ገበያ የሚያደርሱት በሞተር እንጀራቸውን የሚበሉ ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ ክረምት ለወዳጄ ዋነኛው የሥራ ጊዜ ነው። ጭቃው ሰንሰለቱን ይበላል፤ ውሃ ወደ ቤንዚኑ ይገባል፤ ውሃም ከቤንዚን የሚከብድ ስለ ሆነ ከሥር ይተኛል፤ በዚህ የተነሣ ሞተሩ በዳገት መካከል ያለ ምክንያት የቆመ ይመስላል።

የእኔ ሥራ በመጀመሪያ መብራት መያዝ ነበር፤ ቀጥሎ ካቻቢቴና ፒንሳ ወደ ማቀበል ደረስሁ። ፍሬኑም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ካንዴላውም፣ ጎማውም ስማቸው ከጣልያን ቋንቋ የመጣ ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በአገራችን ላይ በግፍ ተቀምጦ ሄደ፤ ስሞቹ ግን በመካኒኮቻችን አፍ ቀርተው፣ ዛሬ የሕንዱንም የቻይናውንም ሞተር የምንፈታው እነዚያኑ ስሞች እየጠራን ነው።

ይሁን እንጂ ስሙን ማወቅ ነገሩን ማወቅ አይደለም። ሞተር ብስክሌት ከሩቅ ሲያዩት ጎማና መቀመጫ ነው፤ ሕይወቱ ግን ያለው ክዳን በሸፈነው ስፍራ ነው። ካንዴላው ሲፈታ ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ለብሶ ከተገኘ፣ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ነዳጅ ጠጥቷል ማለት ነው፤ ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶት ከመጠን በላይ ግሏል፤ ፈዘዝ ያለ የቡና መልክ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ሰንሰለቱ ከላላ ይወልቃል፤ እጅግ ከተወጠረ ደግሞ ጎማው ከጉድጓድ ገብቶ በተነሣ ቁጥር ራሱንም ኩሽኔታውንም ይጎዳል፤ ስለዚህ በመካከሉ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል የሚንቀሳቀስበት ይተውለታል። የቫልቩ ክፍተት የሚለካውም ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው፤ በጋለበት ሰዓት የተለካው ልክ አይታመንም። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የተጣሉ ጎረቤቶች ለሽምግልና ሲጠሩኝ በዚያው ዕለት አልፈርድም፤ «አድራችሁ ኑ» እላቸዋለሁ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ከንባብና ከቁጥር ጋር የእንጨት ሥራ እንማር ነበር። ጠረጴዛ ሠርተን ስናቀርብ መምህራችን ገልብጠው የታችኛውን ፊት በመዳፋቸው ይዳብሱት ነበር። ሻካራ ሆኖ ሲያገኙት፣ «ይህን ማን ያየዋል?» የሚል ልጅ አይጠፋም። እርሳቸውም «የሠራኸው አንተ አይተኸዋል» ብለው ይመልሱለት ነበር። ይህን ቃል በሥራ ላይ ሲውል ያየሁት ከብዙ ዘመን በኋላ በወዳጄ ግቢ ነው።

ሞተር ብስክሌት ራሱ ከሰው ዓይን በተሠወረ ስፍራ፣ በሁለት ሰዎች ባልንጀርነት የተወለደ ነገር ነው። ቪልሄልም ማይባኽ የሚባለው ጀርመናዊ በልጅነቱ ወላጆቹን አጥቶ በአንድ የበጎ አድራጎት ተቋም ያደገ ሰው ነበር፤ ጎትሊብ ዳይምለር በዚያ ተቋም የሥራ ኃላፊ ሆኖ ሳለ የወጣቱን ችሎታ ተመልክቶ ወደ ራሱ አቀረበው። ከዚያ ወዲያ የሥራ ባልንጀሮች ሆኑ። በካንሽታት ከተማ በዳይምለር አትክልት ስፍራ በነበረች ትንሽ ቤት ተዘግተው ሌት ተቀን ሲሠሩ፣ አትክልተኛው ሐሰተኛ ገንዘብ የሚያትሙ መስሎት ለፖሊስ እንደ ጠቆመ፣ ፖሊስም ገብቶ ቢፈትሽ ከሞተር በቀር ያገኘው ነገር እንዳልነበረ ይነገራል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም ከዚያች ቤት የእንጨት አካል ያለው፣ በቤንዚን የሚሄድ ሞተር ብስክሌት ወጣ። ክዳኑ በድንገት ሲነሣ የሚያሳፍር ነገር ያልተገኘበት ሠራተኛ የተመሰገነ ነው።

አሁን ወደ ከሚሴ ልመለስ። ባለፈው ነሐሴ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ወጣት ሞተሩን ሊወስድ መጣ። በማግሥቱ የሰንበቴ ገበያ ነው፤ እሑድ ለእርሱ ከሳምንቱ ሁሉ የተሻለ ገንዘብ የሚያገኝበት ቀን ነው፤ በዚያም ገንዘብ እናቱንና ሁለት ታናናሾቹን ያበላል። ወዳጄ የኋላውን ጎማ አውጥቶ ታምቡሩን ከፍቶ ሲያይ፣ የፍሬኑ ሸራ ተበልቶ የወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ ቀርቶታል። አዲስ ሸራ በከተማው ሱቆች ብንፈልግ አጣን፤ ሰኞ ከኮምቦልቻ ካልመጣ በቀር የሚገኝ አልሆነም።

«አባቴ፣ የፊቱ ፍሬን ይይዛል። ይዝጉልኝና ለነገ ብቻ ልሥራበት» አለ ልጁ።

ወዳጄ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ልጄ፣ ይህን ከዘጋሁት በኋላ ከኋላህ የምትጭናት ሴት ውስጡን አታይም። የምትሳፈረው አንተንም እኔንም አምና ነው፤ እኔን ግን አይታኝም አታውቅ» አለው።

«እሺ፣ ነገ ማታ ምን ይዤ ቤት ልግባ?»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጥያቄ አቅልለህ አትለፈው። ድሃን «ተጠንቀቅ» ብሎ መምከር፣ የጡረታ ገንዘቡ በየወሩ ለሚመጣለት ሰው ቀላል ነገር ነው። ልጁን ያናገረው ክፋት አይደለም፤ ችግር ነው። ወዳጄም ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ወደ ቤት ገባና የራሱን አሮጌ ያማሃ እየገፋ አወጣ። ያ ሞተር የወዳጄ እግር ነው፤ ሌላ መሄጃ የለውም። ቁልፉን ለልጁ ሰጥቶ፣ «በዚህ ሥራበት፤ ማታ መልስልኝ» አለው እንጂ ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም ሰኞ ማለዳ ኮምቦልቻ ሄጄ ሸራውን ላመጣ ቃል ገባሁ።

እሑድ ማታ በዝናብ ውስጥ ልጁ መጣ። ሞተሩ በጭቃ ተለውሷል እንጂ ደኅና ነበር። ቡና ተፈልቶ ነበርና ከአቦል እስከ በረካ አብሮን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ማንም አልወደቀም፤ ማንም አልተጎዳም። «ፍሬኑ ተዘግቶ ቢሰጠው ኖሮ አደጋ ይደርስ ነበር» ብዬ ልምል አልችልም። የጥንቃቄ ዕድሉ ይህ ነው፤ ቸልተኝነት የሰበረው እግር በክራንች ሲሄድ ይታያል፤ ጥንቃቄ ያተረፈው እግር ግን እንደ ማንኛውም እግር ገበያ ደርሶ ይመለሳል፤ የሚያመሰግነውም የለም። ስለዚህ ጥንቁቅ ሰው ያለ ምስጋና መሥራትን መልመድ አለበት።

በዚህ ነገር ላይ አንድ ሌላ ቁም ነገር አለ። «አይሆንም» የሚል ሰው በአገራችን ሞልቷል፤ ከየመስኮቱና ከየጠረጴዛው ኋላ እንሰማዋለን። «አይሆንም» ያለው እውነቱን ይሆናል፤ ነገር ግን የእምቢታውን ዋጋ በሙሉ በለማኙ ጫንቃ ላይ ጥሎ እርሱ ወደ ምሳው ይሄዳል። ችግረኛውም የበሰበሰውን ፍሬን «ይበቃል» ብሎ የሚዘጋለት ሰው ፈልጎ ያገኛል። ወዳጄ እውነቱን ከተናገረ በኋላ የእውነቱን ዋጋ ከፊሉን ራሱ ከፈለ፤ ልጁም እውነቱን ሊቀበል የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የብዙዎቻችን ሥራ ክዳን አለው። ደብዳቤው በዶሴ ውስጥ ይዘጋል፤ እህሉ በጆንያ ይሰፋል፤ የጭቃው ግድግዳ በኖራ ይለሰናል፤ የአስተማሪም ሥራ በልጅ ልብ ውስጥ ተከድኖ ብዙ ዓመት ይቆያል። ክዳኑን ከመዝጋትህ በፊት ውስጡን ደግመህ እይ፤ ቢቻል ወዳጅህ መብራት ይዞ አጠገብህ ይቁም። «አይሆንም» ማለት የሚገባህም ቢሆን፣ አንደኛው እጅህ ሲከለክል ሁለተኛው የሚችለውን ያህል ይዘርጋ።