የወር አስቤዛ በዕለት ገንዘብ

የአንድ ቤተሰብ የምግብ ወጪ የሚወሰነው በሚበላው ነገር ዓይነት ብቻ ሳይሆን ምግቡ በምን ያህል መጠንና በየትኛው ወቅት እንደተገዛ ጭምር ነው፤ ሆኖም ስለ ቁጠባ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ይተዋል። ዛሬ ጠዋት በአንድ የሸማቾች ሱቅ ደጃፍ፣ በዘይት ሰልፍ ላይ የታየው ይኸው ነው። ዘይቱ የመጣው በባለ 5 ሊትር ጀሪካን ብቻ ስለነበረ፣ የአንድ ጀሪካን ዋጋ በአንድ ጊዜ ቆጥረው መስጠት ያልቻሉ እናቶች ተራቸው ሲደርስ ለሌላ ለቀው ሄዱ፤ ማምሻውን ያው ዘይት በሰፈር ሱቅ በሲኒ እየተለካ ተሸጠላቸው። በሲኒ የተገዛው ዘይት ወደ ሊትር ተመልሶ ሲሰላ ከሸማቾቹ ዋጋ በብዙ ይበልጣል፤ ስለዚህ አነስተኛ ገቢ ያለው ቤት ለዚያው ዘይት ከሌላው የበለጠ ከፈለ ማለት ነው።

አስቤዛ፣ ማለትም ለቤት የሚሸመተው የምግብና የጓዳ ዕቃ፣ በዝቅተኛ ገቢ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከጥንት የተጠና ጉዳይ ነው። ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤርነስት ኤንግል የቤልጂየም ሠራተኛ ቤተሰቦችን የወጪ መዝገብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1857 ያወጣውና በስሙ የኤንግል ሕግ እየተባለ የሚጠራው ግኝት፣ ገቢ ባነሰ ቁጥር ከገቢው ውስጥ ለምግብ የሚወጣው ድርሻ እንደሚጨምር ያስረዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እንደ ዘይት ባለ በአብዛኛው ከውጭ በሚገባ ሸቀጥ ላይ ዋጋ ሲንር፣ ደህና ገቢ ያለው ቤተሰብ ከመዝናኛው ወይም ከልብሱ ላይ ሲቀንስ፣ በቀን ሥራ የሚተዳደረው ቤተሰብ ግን የሚቀንሰው ከወጡ ላይ ነው፤ ሌላ የሚቀነስ ነገር የለውምና።

በጉሊት፣ ማለትም በየመንገዱ ዳር በሚዘረጋው የሰፈር ገበያ፣ ሽንኩርት በመደብ ይሸጣል፤ መደብ ሚዛን ላይ ያልወጣ የጥቂት ራስ ክምር ነው፤ እንደ ሲኒው ዘይት ሁሉ ወደ ኪሎ ተመልሶ ሲሰላ ይወደዳል። ይህ የጉሊቷ ነጋዴ ጥፋት አይደለም፤ እርሷም ከአትክልት ተራ፣ ማለትም ከአዲስ አበባው የጅምላ አትክልት ገበያ፣ በብድር ያመጣችውንና ፀሐይ የሚያጠወልግባትን ሽንኩርት በመደብ ባትከፋፍል ኖሮ ብዙ ቤቶች ጭራሽ ሽንኩርት ሳያገኙ በዋሉ ነበር። አትክልት ተራም በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ተነሥቶ በጃን ሜዳ በኩል አድርጎ ሃይሌ ጋርመንት ከሰፈረ ወዲህ፣ ለብዙ ሰፈሮች የታክሲው ሒሳብ ርካሽ የተገዛውን ሽንኩርት መልሶ ያስወድደዋል። አቅምን አይቶ ወደ ማታ ጉሊት መውረድ ግን አሁንም ይጠቅማል፤ የሚበላሸው ቲማቲምና ጎመን ለነገ ከሚያድር ይልቅ ዋጋው ተቀንሶ ይሸጣልና።

ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚያቃጥለው ግን የበርበሬው ነገር ነው። ባልትና፣ ማለትም እህልንና ቅመምን በወቅቱ ገዝቶ፣ አዘጋጅቶና አስቀምጦ ዓመቱን የማሻገር የጓዳ ሙያ፣ ትምህርት ቤቱ ጎረቤት በጋራ የሚኖርበት የድሮው ሰፈር ግቢ ነበር። በጋ ሲገባ ዛላው በርበሬ በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ልክ ተገዝቶ ይመጣል፤ ጎረቤት ተጠራርቶ ይቀነጥሰዋል፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በበሶብላ ተደልዞ ይሰጣል፤ ከዚያ ከኮረሪማውና ከአዝሙዱ ጋር ታምሶ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። በዚያ ቀን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር በማስነጠስ ይቀባበል ስለነበረ «ይማርሽ» ባይ ይጠፋ ነበር፤ ቡናውም፣ ሳቁም፣ ሐሜቱም ከሥራው ጋር አብሮ ይፈጭ ነበር። ዛሬ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ቤተሰብ በርበሬ የሚያሰጣበት ፀሐይ የለውም፤ በደረጃው ላይ ቢያሰጣ ጎረቤት ይከሳል፤ በጋራው የልብስ ማስጫ ላይ ቢዘረጋ ወረፋ ይጠብቃል። ግቢው ሲፈርስና ነዋሪው በየአቅጣጫው ሲበተን የጠፋው ቤት ብቻ ሳይሆን ቁጠባው የሚሠራበት ቦታም ነው፤ ይህን ግን የቤቶቹን ፕላን ያወጣ አንድም ሰው በወጪ ሒሳቡ ውስጥ ያስገባው አይመስልም።

ቦታ ያጣ ቤተሰብ የተፈጨ በርበሬ በሩብ ኪሎ ይገዛል፤ እዚያ ላይ ደግሞ ባዕድ ነገር ይጠብቀዋል። በርበሬ ከሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ከሙዝ፣ የእንጀራ ዱቄት ከጄሶ ጋር ተቀላቅሎ መያዙ በተደጋጋሚ የተዘገበ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው የሚሰርቀው ከድሀ ገንዘብና ከልጆች ሆድ ነው፤ ለዚህ ድርጊት ምንም ዓይነት የኑሮ ውድነት ማመካኛ ሊሆን አይችልም። እህሉን በጥሬው ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ በዓይን እያየ የሚያስፈጭ ቤተሰብ ከዚህ ይድናል፤ ጥሬውን ለመግዛት ግን እንደገና የተጠራቀመ ገንዘብ ያስፈልጋል።

ሳምንቱን በዕቅድ መብላትን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ቤት ከማንም የሚማረው ብዙ ነገር የለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው፤ የዐቢይ ጾም 55 ቀንና ሌሎቹ አጽዋማት ሲጨመሩ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የማይበላበት ጊዜ ለምእመኑ በዓመት ወደ 180 ቀን ይጠጋል። መንፈሳዊ ዓላማው የተለየ ቢሆንም፣ በእነዚህ ቀናት ሽሮውና ምስሩ ማዕዱን ስለሚይዙት ወጪው ይቀልላል። ከዚህም በላይ እህል በአብዛኛው የሚያንሰው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በጥራጥሬ ውስጥ በብዛት ስለሚገኝ፣ ጥራጥሬ የሚያንሰውን ሜቲዮኒንን ደግሞ እህሉ ስለሚያሟላ፣ እንጀራ በሽሮ የድሀ ምግብ ተብሎ ቢናቅም እርስ በርሱ የሚሟላ ማዕድ ነው። ማኛውን ጤፍ ትቶ ሰርገኛውን ወይም ቀዩን መግዛት፣ ቤተሰቡ ከለመደውም ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ መጋገር ወጪን ይቀንሳል እንጂ ክብርን አይቀንስም። የተረፈው እንጀራ ለነገ ቁርስ ፍርፍር፣ ከዚያ ያለፈው ደግሞ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። ክኩን ለሁለት ቀን በአንድ ድስት መሥራትና ባቄላና ሽምብራን አዳር ዘፍዝፎ መቀቀል የከሰሉን ወጪ ያቀልላሉ፤ ከሰልም የምግብ ወጪ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

እንግዲህ የጎደለው ሙያ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚወጣ ገንዘብ ከሆነ፣ መፍትሔውም ከዚያው ከሰፈር ይገኛል። ለበዓል በሬ ገዝቶ ሥጋውን እኩል የሚከፋፈልበት ቅርጫ ለዘይቱና ለጤፉም ሊሠራ ይችላል፤ አምስት ጎረቤቶች አንድ ጀሪካን ዘይት በሸማቾች ዋጋ ገዝተው ሊትር ሊትር ቢካፈሉ በሲኒ ከመግዛት ይወጣሉ። እቁብ፣ ማለትም አባላቱ በየጊዜው እኩል እያዋጡ ድምሩን በዕጣ በየተራ የሚወስዱበት ማኅበር፣ ዘወትር ለቤት ዕቃ ወይም ለንግድ ይታሰባል፤ የጤፍ እቁብ የሚገባበት ቤት ግን ጥቂት ነው። ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ተወቅቶ ገበያ ሲሞላ ዋጋው ይለዝባል፤ ክምችቱ እየሳሳ ክረምት ሲገባ ይወጣል። ክረምቱን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ፤ በአዲስ አበባ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይቀርባል፤ ይህም ለብዙ እናቶች የሳምንቱን አምስት ቀን አቅልሎላቸዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ልጆቹ ሦስቱንም ማዕድ ከቤት የሚበሉት እህሉ እጅግ በተወደደበት በዚያው ወቅት ነው። ስለዚህ የጤፍ እቁቡ ጥር ላይ መውጣት አለበት፤ የዘንድሮውን ለመጀመር ደግሞ ጊዜው አሁን ነው።