በመቀነቷ ቋጥራው ነዋ!

አክስቴ የህንድ ፊልም በደንብ ታውቃለች። በልጅነቷ መርካቶ ሲኒማ ራስ ገብታ ከተዋናዮቹ ጋር እኩል ስታለቅስ የኖረች ሰው ናት፤ ሂሳብ ያስተማሯት እንኳ ህንዳዊ ነበሩ። እናም አንድ እሁድ ላፕቶፔን ከፍቼ «እትዬ፣ የህንድ ተረት ነው፣ ነይ አብረን እንይ» ስላት ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። ሦስት ደቂቃ አልቆየም።

«ይሄ የልጆች ካርቱን አይደለም እንዴ?»

ካርቱንስ ካርቱን ነው፤ ለልጆች ግን አይደለም። ኒና ፔሊ የምትባል አሜሪካዊት ሠዓሊ አብዛኛውን ብቻዋን ኮምፒውተሯ ላይ ተጎልታ የሠራችው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የ82 ደቂቃ ፊልም ነው። «ሲታ ሲንግስ ዘ ብሉዝ» ይባላል። ተረቱ ራማያና ነው፤ ባለቅኔው ቫልሚኪ ደረሰው የሚባለው፣ ወደ 24,000 ጥንድ ስንኝ ያለው የሂንዱዎች ታላቅ መጽሐፍ። ልዑል ራማ በእንጀራ እናቱ ተንኮል 14 ዓመት ጫካ እንዲኖር ይፈረድበታል፤ ሚስቱ ሲታ «ያለ አንተ ቤተ መንግሥት ምን ያደርግልኛል» ብላ ትከተለዋለች። አስር ራስ ያለው የላንካ ንጉሥ ራቫና ይጠልፋታል። ራማ የዝንጀሮ ሠራዊት አስከትቶ ያስመልሳታል። አስመልሶ ሲያበቃ ይጠረጥራታል።

ይህን ታሪክ የሚያወሩልን ሦስት የጥላ አሻንጉሊቶች ናቸው። ከኋላቸው ያሉት ድምፆች የሦስት ህንዳውያን ናቸው፤ የተጻፈ ነገር አልተሰጣቸውም፤ ከልጅነታቸው የሚያስታውሱትን እንዲያወጉ ብቻ ነው የተለቀቁት። ምኑንም በትክክል አያስታውሱትም! አንዱ ስም ይስታል፣ ሌላው ያርማል፣ ያረመውም ይታረማል። የእኛ ሽማግሌዎች ስለ አንድ ዘመቻ ሲያወሩ «አይደለም፣ እሱማ የሞተው ቀደም ብሎ ነው» እየተባባሉ ታሪኩን ሳይጨርሱት ቡናው ሦስተኛ ይደርስ የለ? ልክ እንደዚያ ነው። በኔ ግምት የፊልሙ ሳቅ ሁሉ የሚፈልቀው ከዚህ ነው፤ ኒና ፔሊ ካደረገችው ሁሉ ብልሁ ነገር አንድ ሊቅ ጠርታ አለማስተረኳ ነው። ሊቅ ቢሆን ኖሮ እኛ ዝም ብለን እንሰማ ነበር።

ነገሩ የተጋጋለው ወርቁ ጋ ስንደርስ ነው። ራቫና ሲታን በሰማይ ሲያከንፋት፣ ባሏ ዱካዋን እንዲያገኝ ጌጧን አንድ በአንድ እያወለቀች ወደ ምድር ትጥላለች። ከጥላዎቹ አንዱ ተነሥቶ፣ ጫካ ስትገባ ጌጧን ትታው አልነበረም ወይ፣ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣችው ይላል። ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ተረት እንዲህ አይመረመርም ተብሎ ሊዘጋ ሲል አክስቴ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«በመቀነቷ ቋጥራው ነዋ! ሴት ልጅ መንገድ ስትወጣ ባዶዋን ትወጣለች?»

ከዚያ ወዲያ አራተኛዋ ጥላ እሷ ሆነች።

ፊልሙ መሐል ላይ እንደ ድሮ ሲኒማ ቤት እረፍት አለው፤ እሷም ደንቡን ስለምታውቅ ሄዳ ቆሎ ይዛ ተመለሰች። ሲታ ክብ ፊት፣ ትልልቅ ዓይን፣ በኮምፓስ የተሳለ የሚመስል ዳሌ አላት። ሐዘኗን የምታዜመው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ በተቀረጸው በዘፋኟ በአኔት ሀንሾው ድምፅ ነው፤ ሸክላው ሲንሿሿ ይሰማል። ከኋላዋ የአጋንንት ራስ እየተቀላ ደም ሲፈናጠቅ እሷ ስለ ውዷ በለስላሳው ታንጎራጉራለች። እሳት ውስጥ ገብታ ንጽሕናዋን እንድታስመሰክር ስትደረግም እያዜመች ነው የምትገባው። እዚህ ላይ ቆሎው ቆመ።

«እሱንስ ማን ፈተነው?» አለች አክስቴ።

በየመሐሉ የሠዓሊዋ የራሷ ታሪክ በሚንቀጠቀጥ መስመር ተስሎ ይገባል። ባሏ ለሥራ ወደ ኬራላዋ ከተማ ወደ ትሪቫንድረም ሄደ፤ ተከተለችው፤ ለጉዳይ ኒው ዮርክ በሄደችበት በኢሜይል ተሰናበታት። (ወደ አገራችን መጥተው ካስተማሩት ህንዳውያን ብዙዎቹ የኬራላ ሰዎች ናቸው፤ አክስቴ ከተማውን ያወቀችው ያህል ራሷን ነቀነቀች። ኢሜይሉን ግን ሁለት ጊዜ አስተረጎመችኝ። «በደብዳቤ? ሽማግሌ እንኳ ሳይልክ?»)

ቅር የተሰኙ ሂንዱዎች ነበሩ፤ አልፈርድባቸውም። ራማ ለእነሱ አምላክ ነው፤ የእኛን ጻድቅ አንድ ባዕድ በካርቱን ቢሥልብን ምን እንደምንል አውቃለሁ። የገረመኝ ሌላ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የዘለቀው ተረት ሳንቲም አልጠየቃትም፤ የሰማንያ ዓመቱ ዘፈን ግን የዜማና የግጥም ባለመብቶች ስላሉት መጀመሪያ ከ200,000 ዶላር በላይ ተጠየቀባት፣ ተከራክራ 50,000 ገደማ አደረሰችው። ተበድራ ከፈለችና ፊልሙን ለዓለም ሁሉ በነፃ ለቀቀችው። እኛም ያየነው አንድ ብር ሳንከፍል ነው።

ሲታ ነፍሰ ጡር ሆና ዳግመኛ ወደ ጫካ ስትባረር መንታ ትወልዳለች። ሁለቱ ሕፃናት ቫልሚኪ ባስተማራቸው መዝሙር አባታቸውን ያወድሳሉ፤ እናታችንን ያባረረ ደግ፣ እንከን የለሽ አባት እያሉ፣ በፍጹም ደስታ። እኔ ከሳቄ የተነሣ መተርጎም አቃተኝ። አክስቴ ግን አልሳቀችም። ራማ አሁንም ሌላ ማስረጃ ሲጠይቅ ሲታ ንጹሕ ከሆንኩ እናቴ ምድር ትቀበለኝ አለች፤ ምድርም ተከፍታ ዋጠቻት።

ማታ ሳሎን ስልክ ላይ ሆና አገኘኋት፤ ለጓደኛዋ ትተርካለች። «...ወርቁን ለካ በመቀነቷ ቋጥራው ኖሯል! ያ ሰባት ራስ ያለው ሰውዬ በአየር ይዟት ሲሄድ ትፈታና አንዷን ጠብ፣ ትፈታና አንዷን ጠብ...»

አስር ነው ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«ቆይ አንቺ» አለች ወደ ስልኩ፣ «ዝንጀሮው ጋ ገና አልደረስኩም።»