ካህን የሌለው እሁድ

«ቲቸር፣ የካቶሊክ ቄስ ለምን አያገባም?»

የማስተምረው ሥነ ዜጋ ነው። ግን እናቴ ካቶሊክ፣ አባቴ ኦርቶዶክስ መሆናቸውን ተማሪዎቼ ስለሚያውቁ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣብኛል። አንዴ ከተነሳ ክፍሉ ለሦስት ይከፈላል። ፕሮቴስታንቱ ልጅ 1ኛ ጢሞቴዎስ 4ን ይመዛል። ካቶሊኳ በማቴዎስ 19 ትመልሳለች። ኦርቶዶክሱ ደግሞ «እኛ ጋ ያገባም ያላገባም አለ፣ ምን ያጣላችኋል?» ይላል። ደወል ይደወላል፤ ማንም ሳያሸንፍ ይወጣሉ።

ብዙዎቻችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ እዚህ ስላላችሁ፣ ክፍል ውስጥ ያልጨረስነውን ዛሬ ልጨርሰው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ጥቅሶቹን እንይ። ጴጥሮስ ሚስት ነበረው፤ ጌታ አማቱን ከንዳድ እንደፈወሳት ማቴ. 8፥14 ላይ አለ። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮ. 9፥5 ኬፋንና ሌሎቹን ሐዋርያት ጠቅሶ፣ ሚስት ይዞ የመዞር መብት እሱም እንዳለው ይከራከራል። (የግሪኩ ቃል «ሴት»ም «ሚስት»ም ስለሚሆን፣ የምታገለግል ሴት ለማለት ነው የሚሉ አሉ።) 1ኛ ጢሞ. 3፥2 እና ቲቶ 1፥6 ለጳጳስና ለሽማግሌ ከሚያስቀምጡት መስፈርት አንዱም የአንዲት ሚስት ባል መሆን ነው።

በሌላ በኩል ጌታ ራሱ አላገባም። በማቴ. 19 ስለ መንግሥተ ሰማያት ብለው ጋብቻን ስለተዉ ሰዎች ይናገራል፤ ይህ ግን ለተሰጠው እንጂ ለሁሉም እንዳልሆነ እዚያው ይገልጻል። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮ. 7 ያላገባ ሰው ሐሳቡ እንደማይከፈልበት ያስተምራል። ሆኖም ቁጥር 25 ላይ ስለ ደናግል ከጌታ የተቀበለው ትእዛዝ እንደሌለ፣ የሚሰጠው ምክር እንደሆነ ያስታውቃል።

ስለዚህ ልጆች፣ ሁላችሁም ቀስ በሉ። «ካቶሊክ ጋብቻን ትከለክላለች» የምትሉ፣ በካቶሊክ ጋብቻ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። በግድ ቄስ የሚደረግም የለም። «ካህን እንዳያገባ እግዚአብሔር አዟል» የምትሉም፣ ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ እንደዚያ አትልም። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ነው፣ ዶግማ አይደለም። ከሮም ጋር አንድነት ያላቸው የዩክሬንና የሊባኖስ ምሥራቃውያን ካቶሊኮች ያገቡ ካህናት አሏቸው። ከአንግሊካን የመጡ ባለ ትዳር ካህናትም በልዩ ፈቃድ ይቀድሳሉ።

ሕጉም በአንድ ቀን አልመጣም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስፔን ውስጥ የተደረገው የኤልቪራ ጉባኤ ያገቡ ካህናት ከሚስቶቻቸው እንዲታቀቡ አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ692 ቁስጥንጥንያ ላይ የተሰበሰቡት የምሥራቅ አባቶች ደግሞ ካህን ከመሾሙ በፊት ካገባት ሚስቱ ጋር እንዲኖር ፈቀዱ። በምዕራቡ በ1139 ሁለተኛው የላተራን ጉባኤ ከሹመት በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጋብቻ እንዳይባል ወሰነ። አንድ መጽሐፍ ያነበቡ ክርስቲያኖች ሁለት መንገድ ሄዱ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰዉ እንምጣ። ክርክራችን ውስጥ ሁሌ የሚረሳው እሱ ነውና።

የእናቴ ወገኖች ያሉት ደቡብ ገጠር ነው፤ የላቲን ሥርዓት ነው የሚከተሉት። ካህኑ ወደ መንደሩ ጸሎት ቤት የሚመጡት በወር አንዴ ነው፤ ዝናብ ከበዛ ደግሞ በሁለት ወር። ብዙ ጸሎት ቤት ለአንድ ሰው ነው የተሰጠው። በሞተር ሳይክል፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ይደርሳሉ፤ ኑዛዜ ይሰማሉ፣ ይቀድሳሉ፣ ያጠምቃሉ፣ ሁለተኛ ቡና ሳይጠጡ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። በቀሩት እሁዶች ጸሎቱን የሚመሩት ካቴኪስቱ ናቸው፤ እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። አርሶ አደር ናቸው፣ የስድስት ልጆች አባት። ወንጌል ያነባሉ፣ ልጆች ያስተምራሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ለቀብር ይጸልያሉ።

አያቴ ስትታመም ቄስ ጥሩልኝ አለች። መቁረብና ምሥጢረ ቀንዲል መቀበል ነበር የፈለገችው። ተደወለ። ካህኑ ሌላ ጸሎት ቤት ነበሩ፤ ወንዙም ሞልቷል። ጋሼ ሦስት ሌሊት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ጸለዩላት። በሦስተኛው ሌሊት ሊነጋ ሲል አረፈች። ካህኑ ቀብሩ ካለቀ በኋላ ደረሱ፤ መቃብሩ ጋ ቆመው እንደ ልጅ አለቀሱ። በእሳቸው ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ግን ያን ቀን ጋሼን እያየሁ ቲቶ 1ን ነው ያሰብኩት። የአንዲት ሚስት ባል፣ ልጆቹን በእምነት ያሳደገ፣ የማይሰክር፣ እንግዳ የሚቀበል። አንድም የጎደላቸው የለም። መቀደስና ቀንዲል መቀባት ግን አይችሉም፤ ካህን አይደሉም፣ ካህን እንዳይሆኑም ሚስት አላቸው።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ስለ አማዞን ሮም የተሰበሰበው ሲኖዶስ ካህን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የማይደርስባቸው ማኅበረሰቦች እንዳሉ ገልጿል። ለእነሱም የተከበሩ፣ በዲቁና ያገለገሉ ባለ ትዳር ወንዶች እንዲሾሙ ሐሳብ ቀርቦ 128 ለ41 በሆነ ድምፅ አለፈ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ግን በየካቲት 2020 ባወጡት መልእክት ያንን በር አልከፈቱም። ቁጥሩንም እዩት፦ በ1970 ወደ 650 ሚሊዮን ለሚጠጉ ካቶሊኮች 420 ሺህ ገደማ ካህናት ነበሩ። ዛሬ ምእመኑ 1.4 ቢሊዮን ደርሷል፤ ካህናቱ ግን ከ410 ሺህ አይበልጡም።

«እንግዲያው ይጋቡና ይለቅ» እንዳትሉኝ ደግሞ። የአባቴን አገር አውቀዋለሁ። እዚያ ቄሱ ሚስት አላቸው፣ በሬ ጠምደው ያርሳሉ፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ያሳስባቸዋል። ዲያቆናቱ ወደ ከተማ ሲፈልሱ አገልጋይ አጥተው የተቸገሩ የገጠር አጥቢያዎች አሉ። ያገባ ካህን ቤተሰቡ መብላት አለበት። ባለ ሞተሩ ካህንም አምስት ልጅ ቢኖራቸው ኖሮ ያን ሁሉ መንደር ያዳርሱ ነበር ወይ? እኔ እንጃ። ሳያገቡ ራሳቸውን የሰጡ አባቶችን ማቃለል ያበሉንን እጅ መንከስ ነው።

የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። በአባቴ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ያገባል፤ ሚስቱ ብትሞት ሌላ አያገባም፤ ጳጳስ የሚሾመው ከመነኮሳት ነው። ሁለቱም መንገድ የየራሱ ክብር አለው። በእናቴም ወገን ያላገባው አባት ክብሩ ሳይነካ እንደ ጋሼ ያለ ሰው ቢሾም፣ መጽሐፉ የሚቃወም አይመስለኝም። ውሳኔው የአባቶች ነው፤ ሕጉ ግን የሰው ሕግ ከሆነ፣ እየጠበቀ የሚሞተው ምእመን ድምፁ ሊሰማ ይገባል።

ኮሜንት ላይ ጥቅስ የምትጽፉ፣ ጻፉ፤ አነባለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሩልኝ፦ በእናንተ አገር ሰው ሌሊት ቢታመም ማን ይደርስለታል? ካህኑ፣ ፓስተሩ፣ ቄሱ ስንት ሰዓት ተጉዞ? መሰዳደብ የለም፤ ክፍል ውስጥ እንዳለን ቁጠሩት።