ባሕር ዛፍን በአገሩ አየነው

ባሕር ዛፍን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ብዙ አይገኝም። ቤት ይሠራበታል፤ አጥር ይታጠርበታል፤ እንጀራ ይጋገርበታል። ጉንፋን የያዘው ሰውም በቅጠሉ ይታጠናል። ይህ ዛፍ ከወዴት መጣ? ስሙ ራሱ ይናገራል። ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ወደ እኛ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ባጠራት ጊዜ ነው።

እኛም ቤተሰብ ሆነን ወደ ዛፉ አገር ሄደን ነበር። አባታችን ለትምህርት ሲሄዱ እናታችንና እኛ ሦስቱ ልጆች ተከተልናቸው። ከ2014 እስከ 2018 ሜልቦርን ከተማ ኖርን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ የምናጫውታችሁ በዚያ አገር በመኪና ስላደረግናቸው ጉዞዎች ነው። ጉዞዎቹ ለቤታችን ምን እንደ ጠቀሙም እንነግራችኋለን።

የምንኖረው ፉትስክሬይ በሚባል ሰፈር ነበር። በዚያ ሰፈር የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አሉ፤ እንጀራም ይሸጣል። ስለዚህ የአገር ናፍቆት በሆድ በኩል አልበረታብንም። የበረታው በሌላ በኩል ነው። አባባ ቀኑን ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ይውላሉ። እማማ ማታ ማታ ቢሮ ለማጽዳት ይወጣሉ። እኛ ከትምህርት ቤት ስንገባ እሳቸው ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ናቸው። «ወጡ ምጣዱ ላይ ነው፤ አሙቃችሁ ብሉ» ብለውን ይሄዳሉ። በአንድ ቤት እየኖርን ሳንገናኝ የምንሰነብትበት ጊዜ ነበር።

ታናሽ ወንድማችን አገር ሲለቅ የ6 ዓመት ልጅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ሆነለት። አማርኛው ግን እየሳሳ ሄደ። እማማ በአማርኛ ይጠይቁታል፤ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። የእማማ እንግሊዝኛ ደግሞ ያን ጊዜ ገና ጀማሪ ነው። ሐኪም ቤት ሲሄዱ የምናስተረጉም እኛ ነን። ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲመጣ የምናነብ እኛ ነን። ቤቱ ተገለበጠ። ልጅ መሪ፣ እናት ተመሪ ሆነች።

አንድ ቀን ማታ እማማ ለአባባ እንዲህ ሲሉ ሰማን። «ልጄ ከእኔ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ ካጣ፣ እናትነቴ ምኑ ላይ ነው?» አባባ ዝም አሉ። መልስ ያገኙት ሰንበትበት ብለው ነው። መልሱም ያገለገለች መኪና ሆነች።

መኪናዋ እዚያው አውስትራሊያ የተሠራች ሆልደን ነበረች። ይህ ፋብሪካ በ2017 እዚያ አገር መኪና መሥራቱን አቁሟል። ያን ጊዜ ግን ሆልደን በየመንገዱ ይታይ ነበር። በዚያ አገር የትምህርት ዓመቱ በ4 ይከፈላል። በየመሀሉ የ2 ሳምንት ያህል ዕረፍት አለ። አባባም «ዕረፍት በመጣ ቁጥር አምስታችንም አንድ መኪና ውስጥ እንገባለን» አሉ። አንድ ሕግም አወጡ። ሕጉ «መኪና ውስጥ አማርኛ» የሚል ነበር። «እንግሊዝኛ ክፉ ሆኖ አይደለም» አሉን። «ትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ ነው፤ መኪናዋ ግን የእኛ ናት።»

የአውስትራሊያ መንገድ የራሱ ጠባይ አለው። የአገሩ ስፋት ከኢትዮጵያ ስፋት 7 እጥፍ ያህል ነው። የሕዝቡ ቁጥር ግን ከእኛ ሩቡን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከከተማ ከተማ ብዙ ባዶ አገር አለ። መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ መሪውም በቀኝ ነው። አባባ አገር ቤት በቀኝ መንዳት ለምደው ስለ ነበር መጀመሪያ ላይ በየመስቀለኛው መንገድ «ግራ፣ ግራ» እያሉ ለራሳቸው ይናገሩ ነበር። እኛም ከኋላ ሆነን «ግራ፣ ግራ!» እንላለን። በየመንገዱ ዳር ደግሞ ሾፌር በየ2 ሰዓቱ እንዲያርፍ የሚመክር ጽሑፍ አለ። እንቅልፍ በረጅምና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሰው ይገድላልና። ፀሐይ ስትጠልቅና ጎሕ ሲቀድ ካንጋሩ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። ካንጋሩን የገጨ መኪና ደህና አይሆንም። ስለዚህ እኛ ሳይመሽ ማደሪያችን እንገባ ነበር።

የመጀመሪያው ጉዟችን በሚያዝያ ወር 2016 ሆነ። የሄድነው «ታላቁ የውቅያኖስ መንገድ» በሚባለው ነው። ይህ መንገድ በደቡብ ጠረፍ ባሕሩን ተከትሎ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። የሠሩት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ናቸው። ከ1919 እስከ 1932 ድረስ ገደሉን በዶማና በአካፋ እየቆረጡ አወጡት። መታሰቢያነቱም በጦርነቱ ለሞቱት ጓዶቻቸው ነው።

ታናሻችን መንገዱ እስከሚጀምርበት እስከ ቶርኪ ከተማ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ቃል አልተነፈሰም። ተቆጥቶ አልነበረም። አማርኛው አልመጣለትም። እማማም አላስገደዱትም። ዳቦ ቆሎ በእፍኙ እየሰጡት ዝም ብለው ተቀመጡ።

ከሎርን ከተማ አልፈን ዋይ ሪቨር የሚባል መንደር ደረስን። በዚያ አካባቢ በ2015 የገና ዕለት ሰደድ እሳት ገብቶ ብዙ ቤቶች ተቃጥለዋል። ተራራው ጠቁሯል። ዛፎቹ ግን አልሞቱም። ከጠቆረው ግንድ ላይ አዲስ ቅጠል በቅሎ፣ ግንዱ ጠጉር ያበቀለ ይመስል ነበር። ትንሽ ሄድ ብሎ ኬኔት ሪቨር ላይ መኪናችንን አቆምን። ኮዋላ የሚባለውን አውሬ ለማየት የቆሙ ሰዎች አንገታቸውን ወደ ላይ ሰቅለዋል። ኮዋላ የሚበላው የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። አብዛኛውን ጊዜውን ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው።

ሁላችንም ኮዋላውን እናያለን። እማማ ግን የሚያዩት ዛፉን ነበር። ጎንበስ ብለው ከመሬት አንድ ቅጠል አነሡ። በመዳፋቸው አሽተው አሸተቱት። «እንዴ! ይኼማ የኛ ነው!» አሉ። ቅጠሉን በየተራ አፍንጫችን ላይ አደረጉልን። «ደብረ ብርሃን ልጅ ሳለሁ እናቴ በዚህ ነበር የምታጥነኝ። ጋቢ ታከናንበኝና እንፋሎቱን ትለቅብኛለች። በማግስቱ ጉንፋኑ የለም።»

ታናሻችን ቅጠሉን ተቀበላቸው። አሸተተው። ከዚያም ከጧት ጀምሮ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረ። «እማማ፣ መታጠን ምን ማለት ነው?» አለ። የጠየቀው በአማርኛ ነው።

እማማ ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! እንዴት ቅጠል እንደሚጠርጉ፣ እንዴት ጭራሮ ተሸክመው ከዳገት እንደሚወርዱ፣ ዛፉ ሲቆረጥ እንዴት ከጉቶው እንደገና እንደሚያቆጠቁጥ ነገሩን። ያ የተቃጠለ ግንድ ለምን እንዳልሞተ የገባን በእሳቸው ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው ዝርያ መነሻው ታዝማኒያ ደሴትና ይኸው የደቡብ ጠረፍ መሆኑን ደግሞ እኛ አንብበን ነገርናቸው። የአገሩ ነባር ሕዝቦችም ቅጠሉን ለመድኃኒት ሲጠቀሙበት እንደ ኖሩ ነገርናቸው። «አየህ፣ እናቴ ትክክል ነበረች» ብለው ሳቁ።

ሜልቦርን ውስጥ እማማን የምንመራው እኛ ነበርን። በዚያ መንገድ ዳር ግን እሳቸው መሩን። ፈረንጁ ሁሉ አውሬውን ሲያይ እሳቸው ዛፉን ያውቁት ነበር። ታናሻችን እናቱን እንደዚያ ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው ጉዞ በዚያው ዓመት በመስከረም መጨረሻ ላይ ነበር። ወደ አደሌይድ ከተማ ለመሄድ በሚልዱራ በኩል ዞርን። ከሜልቦርን እስከ ሚልዱራ 540 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማው የቆመው መሪ በሚባለው ትልቅ ወንዝ ዳር ነው። ይህ ወንዝ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈሳል። በዳርና በዳሩ የቆሙት ዛፎች ቀይ ባሕር ዛፍ የምንላቸው ናቸው። አገር ቤት ለአጣና እንቆርጣቸዋለን። እዚያ ግን ግንዳቸውን ለማቀፍ አምስታችንም እጅ ለእጅ መያያዝ አስፈለገን።

በወንዙ ዳር ለሕዝብ በነፃ የቆመ የኤሌክትሪክ መጥበሻ አለ። እሳት ማንደድ በሚከለከልበት ቀን ሜዳ ላይ እንጨት ማንደድ በሕግ ያስቀጣል። እማማም የቡና ምጣዳቸውን በኤሌክትሪኩ መጥበሻ ላይ አድርገው ቡና ቆሉ። የቡናው ሽታ በአጠገባችን የነበሩ ሽማግሌና ሚስታቸውን ጠራ። በሲኒ ቀዳንላቸው። እማማ በዚያች ጀማሪ እንግሊዝኛቸው ስለ ሦስቱ ስኒዎች፣ ስለ አቦል፣ ቶናና በረካ አስረዱ። ቃል ሲጠፋቸው ታናሻችን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ያቀብላቸው ነበር። ልብ በሉ፤ ለማቀበል መጀመሪያ አማርኛውን መስማት አለበት።

ቡናው ሳያልቅ ደብረ ብርሃን ላሉት አያታችን ስልክ ተደወለ። እዚያ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሲሆን ኢትዮጵያ ገና ጧት 3 ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ታናሻችን ከአያታችን ጋር «ደህና ነዎት? እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት አያልፍም ነበር። ያን ቀን ግን ስልኩን ከእማማ እጅ ወሰደ። «እማማ ትልቋ፣ እዚህ ባሕር ዛፍ አለ! በጣም ትልቅ ነው!» አለ። አያታችን ደንገጥ ብለው «ውይ ልጄ፣ የኛን ዛፍ ማን ወሰደው?» አሉ። እሱም «የለም፣ እነሱ ናቸው ለኛ የሰጡን» ሲል መለሰ። ወሬው ረዘመ። ቃሉ ሲጎድል እያሟላ፣ ሲሳሳት አያታችን እያረሙት፣ የስልኩ ሂሳብ እስኪያልቅ ተጫወቱ። እማማ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ሲኒውን ያጥቡ ነበር። ሲኒው ግን ከታጠበ ቆይቷል።

በማግስቱ የክፍለ አገር ድንበር ተሻገርን። ያምባ በተባለ ቦታ የፍተሻ ጣቢያ አለ። ወደ ደቡብ አውስትራሊያ ፍራፍሬ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቲማቲምና ቃሪያም እንደዚሁ። ምክንያቱም የፍራፍሬ ዝንብ የሚባል ተባይ ከነዕንቁላሉ በፍሬ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚጓዝና የገበሬውን ምርት ስለሚያጠፋ ነው። ማስጠንቀቂያውን አስቀድሞ ያነበበው ታናሻችን ነው። «እማማ፣ ቃሪያው አያልፍም!» ብሎ በአማርኛ ጮኸ። መኪናችንን ዳር አስይዘን ቃሪያውን በእንጀራ በላነው። አባባ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ ነበር የነዱት። ድንበሩን እንዳለፍን ደግሞ ሰዓታችንን በግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ መለስን። በዚያ አገር ክፍለ አገር ሲለወጥ ሰዓትም የሚለወጥበት ቦታ አለ።

ከዚያ በኋላም ብዙ ተጓዝን። 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተን ሲድኒን አየን። በ2018 የአባባ ትምህርት ሲያልቅ ሆልደኗን ሸጠን ወደ አገራችን ተመለስን። ታናሻችን ዛሬም አንዳንድ ቃል ይስታል። «አጣና» ለማለት «አጠና» ያለበት ጊዜ አለ፤ እንስቃለን። ነገር ግን ከእናቱ ጋር ሲከራከር፣ ሲያኮርፍና ሲታረቅ በአማርኛ ነው። ማኩረፍም ቋንቋ ይፈልጋል።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሥራና በትምህርት ምክንያት ከቀያቸው ይርቃሉ። ባሕር ማዶ የሚሄድ አለ፤ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው የሚሄድም አለ። ልጆቻቸው የሄዱበትን ቋንቋ ይማራሉ፤ መማርም አለባቸው። የቤታቸውን ቋንቋ ግን በቁጣ ልናስይዛቸው አንችልም። ቋንቋ የሚያዘው አብሮ በመዋል ነው። አብሮ ለመዋል መኪና የግድ አይደለም። ውሃ ስትቀዱ፣ ገበያ ስትሄዱ፣ ማሳ ስትጠብቁ ልጃችሁን አስከትሉ። የምታውቁትን ዛፍ ስም፣ የምታውቁትን ቅጠል ጥቅም ንገሩት። ልጅ «ይኼ ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው አንድ ነገር ይዛችሁ ስታሳዩት ነው።