የሌሊት ጥማትን አንናቅ

እኛ አስተማሪዎቻችሁ ማታ ማታ ስናስተምር ፊደል ብቻ አይደለም የምናየው። የሰውንም ጤና እናያለን። ዛሬ ስለ ስኳር በሽታ እንጽፋለን። ይልቁንም የደም ስኳር በሌሊት ሲጨምር ምን እንደሚደረግ እንነግራችኋለን።

የምንበላው እንጀራ፣ ቆሎና ድንች ሆድ ውስጥ ገብቶ ወደ ስኳር ይለወጣል። ስኳሩ በደም ይዞራል። ከደም ወጥቶ ጉልበት እንዲሆነን የሚያደርገው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን የሚሠራው ቆሽት ውስጥ ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሥራውን በደንብ ሳይሠራ ሲቀር ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ይህ በሽታ የሀብታም ብቻ አይደለም። ስኳር ብዙ የማይቀምስ ገበሬም ይይዘዋል።

ምልክቱ ምንድን ነው? ሰውየው በሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ይነሣል። ስኳሩ ከሽንት ጋር ሲወጣ ውሃውንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አፍ ይደርቃል። ቢጠጣ ቢጠጣ አይረካም። ዓይን ይፈዛል፣ ሰውነት ይደክማል፣ ይከሳል። እንዲህ የሚሆን ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር።

ከተማሪዎቻችን አንዲት እናት የስኳር መለኪያ አላቸው። ቁጥሩን የሚያነብላቸው ልጃቸው ነበር። ልጁ ሌላ ቦታ ሲያድር ግን መለኪያው ዝም ይላል። «መሣሪያው ይናገራል፣ ልጆቼ፣ እኔ ግን አልሰማውም» ይሉን ነበር። ቁጥር ከተማሩ በኋላ አንድ ሌሊት ጠምቷቸው ተነሡ። ለኩ። 312 ይላል! ራሳቸው አነበቡት፣ በደብተራቸውም ጻፉት። እግራቸው ላይ ቁስል ነበረ። ቁስል ሲያመረቅዝ ስኳር ይጨምራል። ውሃ እየጠጡ አነጉና በማለዳ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ቁስሉ ታከመ፣ መድኃኒታቸውም ተስተካከለ። እግራቸው ተረፈ።

ለብዙ ሰው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130 ደህና ነው። ከ180 በላይ ብዙ ነው። ከ70 በታች ደግሞ ትንሽ ነው፣ እሱም አደገኛ ነው።

በሌሊት ስኳር ሲጨምር ንጹሕ ውሃ ጠጡ። ሻይ በስኳር፣ ጠላና አረቄ አትጠጡ። ጤና ሠራተኛው ካዘዘላችሁ በላይ ኢንሱሊን አትውጉ። «ታመምኩ፣ አልበላሁም» ብላችሁም በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ። ቁጥሩንና ሰዓቱን ጽፋችሁ ለጤና ሠራተኛው አሳዩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ሰውነት በራሱ ስኳር ሊጨምር ይችላል። ጽሑፋችሁ ምክንያቱን ለማወቅ ይረዳዋል።

ንጋትን የማይጠብቅም አለ። ሰውየው ካስመለሰው፣ ሆዱን ከቆረጠው፣ በኃይል ከተነፈሰ፣ ትንፋሹ እንደ በሰበሰ ፍሬ ከሸተተ ወይም ካንቀላፋ በዚያው ሌሊት በቃሬዛም ቢሆን ውሰዱት። ካላበውና ከተንቀጠቀጠ ግን ስኳር አንሶት ይሆናል። መዋጥ ከቻለ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አታድርጉ፣ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም አድርሱት።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ቁጥር ማወቅ ለገበያ ብቻ አይደለም፣ ለሕይወትም ነው።