የጋራ ኮምፒዩተርና የየራስ መክፈቻ

በመንዝና በግሼ ደጋ፥ ወደ መርሐቤቴም ወረድ ብሎ፥ ወደ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ኮምፒዩተር ያረጀና የብዙ ሰው የሆነ ነው። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጥበታል። እኛ በዚህ ነውር አናይም፤ አንድ ምጣድ ለሦስት ቤት የሚያገለግልበት አገር ነውና። ነገር ግን በምጣድ ላይ የሰው ምሥጢር አይቀመጥም፤ በኮምፒዩተር ውስጥ ግን የተማሪ ውጤት፥ የደመወዝ መዝገብ፥ የቤተ ሰብም ደብዳቤ ይኖራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማንጠቅሰው ትምህርት ቤት ስናስተምር፥ በቢሮው የነበረው ኮምፒዩተር ለመምህራኑ ሁሉ አንድ የምሥጢር ቃል ብቻ ነበረው። ይኸውም ከአንድ እስከ ስድስት የተቈጠረ ቍጥር ሲሆን፥ እንዳይረሳ ተብሎ በወረቀት ተጽፎ ከመስተዋቱ ግርጌ ተለጥፎ ይታይ ነበር። መብራት ጠፍቶ በመጣ ጊዜ ሁሉም ውጤት ለማስገባት ስለሚሻማ፥ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ መነሣት እንደ ንፉግነት ይቈጠር ነበር። በሰኔ ወር የአንድ ተማሪ የሒሳብ ውጤት በሮስተሩ ላይ 41 የነበረው 71 ሆኖ ተገኘ። የመምህሩ የእጅ መዝገብ ባይኖር ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ፋይሉ ሲመረመር መጨረሻ ላይ የጻፈበት ሰው ስም «አድሚን» ይላል። አድሚን ማን ነው ቢባል፥ በዚያ ቢሮ የሚገባ ሁሉ ነው።

ጥርጣሬው በጸሐፊዋ ላይ ወደቀ፤ የቢሮው ቍልፍ በእርስዋ እጅ ነበርና። አልነካሁም ብላ ብትምልም፥ ለመክሰስ ማስረጃ እንደ ጠፋ ሁሉ ነጻ ለማውጣትም ማስረጃ ጠፋ። በቡና ላይ፥ በለቅሶ ቤት፥ በገበያም ስምዋ ሲነሣ ከረመ፤ በመጨረሻም ተዛውራ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደች። ውጤቱን የለወጠው ሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ ዳሩ ግን ፍርድ ቤት የሰው ስም ይፈልጋል። የምሥጢር ቃል ሌባን ለመከልከል ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው ብዙዎች አሉ፤ እኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ንጹሑን ሰው ለማዳን ነው እንላለን።

በኮምፒዩተር ላይ የምሥጢር ቃል መጠቀም የመጣውም ከጋራ ኮምፒዩተር ጋር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ፥ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፥ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ አንዱን ትልቅ ኮምፒዩተር ለብዙ ሰዎች ሲያካፍሉ ለየሰዉ የራሱን ቃል ሰጡ። ብዙም ሳይቈይ በ1962 አለን ሸር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ፥ የተመደበለት ሰዓት ስላልበቃው፥ የሁሉን ቃል የያዘውን ፋይል በወረቀት አሳትሞ ወሰደ። በ1966 ደግሞ ያው ዝርዝር በስሕተት ለገባው ሁሉ በመግቢያው ላይ ታየ። በሊቃውንት ቤት እንዲህ ከሆነ፥ በእኛ ቢሮ የተለጠፈችው ወረቀት ብዙም አታስደንቅም።

መድኃኒቱ ገንዘብ አያስወጣም። ዊንዶውስ 7 እንኳ ቢሆን በኮንትሮል ፓነል ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አካውንት ይከፍታል። የዕለት ሥራ የሚሠራበት አካውንት ሁሉ «ስታንዳርድ» ይሁን። ፕሮግራም የሚጭነውና የሌላውን ቃል የሚለውጠው «አድሚኒስትሬተር» ግን በአንድ ኀላፊ እጅ ብቻ ይቅር፤ እርሱም ለዕለት ሥራው አይግባበት፤ ቃሉም በታሸገ ፖስታ በካዝና ይቀመጥ። ከመቀመጫ ሲነሡ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቍልፍና «ኤል»ን አብሮ መጫን በቂ ነው፤ የተጀመረው ሥራ ሳይጠፋ በሩ ይዘጋል። ቃሉ የልጅ ስም፥ የትውልድ ዘመን ወይም የደብሩ ታቦት ስም ከሆነ ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም። አራት የማይገናኙ ቃላት፥ ለምሳሌ ዝተት፥ ወንፊት፥ ኀሙስ፥ ዋሽንት፥ በላቲን ፊደል ተያይዘው ቢጻፉ ለማስታወስ ይቀላሉ፥ ለመገመት ይከብዳሉ። (እነዚህን አራቱን ግን እንግዲህ አንባቢ ሁሉ አውቋቸዋል።)

ሆኖም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 በነጻ ለሁሉ ይሰጥ የነበረውን የጥበቃ ማሻሻያ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. አቁሟል፤ ስለዚህ ሮስተር የያዘ አሮጌ ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ተለይቶ ቢቀመጥ ይሻላል። የመግቢያ ቃልም በሩን እንጂ ግድግዳውን አይጠብቅም፤ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ የገጠመ ሰው ያለ ቃል ሊያነበው ይችላል። የታተመው ቅጂ ፊርማና ማኅተም አርፎበት በቍልፍ ይያዝ።

በቤትም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ልጅ ከአባቱ የሚሰውረው ምን አለና የራሱ ቃል ይኖረዋል የሚሉ አባቶች አጋጥመውናል። አድሚኒስትሬተሩ በወላጅ እጅ ከሆነ የሚሰወረው ጥቂት ነው፤ ታናሹ ባጠፋው ፋይል ግን ታላቁ አይገረፍም። ብሮውዘሩም የኢሜይልን ወይም የባንክን ቃል ላስቀምጥልዎ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፥ ብዙ ሰው በሚቀመጥበት ኮምፒዩተር ላይ መልሱ «አይሆንም» ነው።