ከባሮ ዳር እስከ ጃን ሜዳ

አገር አቋራጭ ሩጫ ሲባል ዓይናችሁ ላይ ምን ይመጣል? የብዙዎቻችን መልስ ተመሳሳይ ይመስለኛል፤ የበቆጂ ብርድ፣ የጠዋት ጤዛ፣ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጥ ልጅ። ጋምቤላን የሚጠራ ሰው አላጋጠመኝም። በዚህ ወር የጉዞ ገጻችን ወደዚያው ልውሰዳችሁ። ባሮን ታያላችሁ፣ አሳውን ትቀምሳላችሁ፤ ስለ ሩጫ የምናውቀውን ነገር ደግሞ ለአንድ ጊዜ ከቆላው ሆነን እናየዋለን።

ጊዜ ካጠራችሁ ከቦሌ በአውሮፕላን መሄድ ይቀላል። ጊዜ ካላችሁ ግን በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጋችሁ በመኪና ውረዱ። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ማታ ማታ ጋቢ ታስፈልጋለች። ከጎሬ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይይዛል። መጀመሪያ ጃኬት ይወልቃል፣ ቀጥሎ የመኪናው መስኮት ይከፈታል፣ በመጨረሻ ሁሉም ሰው ውኃ ይጠይቃል። ጋምቤላ ከተማ ስትገቡ ከፍታችሁ 500 ሜትር ገደማ ነው። ቁርሳችሁን ደጋ ላይ በልታችሁ ምሳችሁን ቆላ ላይ ትበላላችሁ ማለት ነው።

ከተማዋን የሠራት ባሮ ነው። በ1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል መሠረት እዚህ ቦታ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት የሚሠሩ መርከቦች ከሱዳን እየመጡ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ዛሬ መርከቦቹ የሉም፤ ወንዙ ግን አሁንም የከተማዋ ሳሎን ነው። ሰው የሚገናኘው፣ ልጅ የሚጫወተው፣ ልብስ የሚታጠበው እዚያ ነው። ኑዌር፣ አኙዋ፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ በክልሉ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ከሌላው የአገሪቱ ክፍል የመጣውም ሰው ብዙ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ ለመግባባት አትቸገሩም። በኑዌርኛ «ማሌ» ብላችሁ ሰላምታ ብታቀርቡ ግን የምታገኙት ፈገግታ ሌላ ነው።

ጋምቤላ ላይ ኑሮ የሚጀመረው በማለዳ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ትበረታለች፤ ስለዚህ ገበያውም፣ እርሻውም፣ ስፖርቱም ከዚያ በፊት ይሠራል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ወደ ባሮ ድልድይ ብትወጡ እንደ እኔ ሯጮች ታገኙ ይሆናል። እኔ ለመሥሪያ ቤቴ የገበያ ጥናት ሄጄ በሰነበትኩበት ሳምንት አንድ የ17 ዓመት ልጅ በየማለዳው ያልፈኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቆሞ ሰላም አለኝ።

«እህቴ፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

«ጃን ሜዳን ታውቂዋለሽ? ዳገት አለው?»

ዳገቱ ሳይሆን አየሩ እንደሚከብደው ነገርኩት። ሳቀ። «የሚያየኝ ሁሉ ቅርጫት ኳስ ተጫወት፣ ዝለል ይለኛል። እግርህ ረጅም ነው ይሉኛል። እኔ የምወደው ሩጫ ነው፤ ረጅሙን።»

ይህን አባባል እናንተም ሳትሰሙት አልቀራችሁም። የአርሲ ልጅ ይሮጣል፣ የጋምቤላ ልጅ ይዘላል እንላለን። የገበያ ባለሙያ ስለሆንኩ እንዲህ ያለውን ነገር በሥራዬ አውቀዋለሁ፤ አንድ ዕቃ ላይ አንዴ የተለጠፈ ስም ለብዙ ዓመት አይላቀቅም። ሰው ላይ ሲለጠፍ ግን ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ነው።

እርግጥ ከፍታው የራሱ እውነት አለው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ ሰውነት ደግሞ ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋስ እየሠራ ጉድለቱን ይሞላል። እዚያ ያደገ ሯጭ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ሲወርድ ይህን ደም ይዞ ይወርዳል። የወጣት ወንዶቻችን ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1993 ዓ.ም. በቤልጂየም ኦስተንድ የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ የዓለም አገር አቋራጭ የወጣቶችን ውድድር ሁለተኛ የወጣውን ከ30 ሰከንድ በላይ ጥሎ አሸነፈ። በ2000 ዓ.ም. ኢብራሂም ጄይላን በኤደንብራ፣ በ2001 አየለ አብሽሮ በአማን፣ በ2011 ሚልኬሳ መንገሻ በዴንማርኳ ኦርሁስ ወርቁን አመጡ። ዛሬ በማራቶን የምታውቁት ኬንያዊው ኤሊውድ ኪፕቾጌም በ1995 ዓ.ም. በሎዛን የዚሁ ውድድር አሸናፊ ነበር።

ሙቀትም ግን የራሱ ትምህርት ቤት ነው። መጋቢት 15 ቀን 1999 ዓ.ም. የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ሞምባሳ ላይ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ተካሄደ። ቀነኒሳ ከዚያ በፊት ለአምስት ተከታታይ ዓመታት የአዋቂዎቹን ሁለቱንም ርቀቶች ጠራርጎ ወስዶ ነበር። ያን ቀን በሙቀቱና በወበቁ መካከል ውድድሩን አቋርጦ ወጣ፤ ወርቁም የኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ሆነ። ምክንያቱን ለመረዳት ጋምቤላ ላይ አንድ ቀን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ሮጣችሁ ሞክሩት። ልብ ደሙን ለሁለት ታካፍላለች፤ ግማሹ ለሚሠራው ጡንቻ፣ ግማሹ ሙቀቱን ለማስወጣት ወደ ቆዳ ይሄዳል። አየሩ እርጥበት ካለው ላብ አይተንም፤ ይንጠባጠባል እንጂ አያቀዘቅዝም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት የለመደ ሰው ቶሎ ማላብ ይጀምራል፣ የደሙም ፈሳሽ ይጨምራል። የባሮ ዳሩ ልጅ ይህን ልምድ የያዘው ዕድሜውን ሙሉ ነው።

እንግዲህ የልጁን ጥያቄ በዚህ መነጽር እዩት። ለብሔራዊ ቡድን የሚመረጥበት ውድድር ለብዙ ዓመታት ሲካሄድ የኖረው ጃን ሜዳ ላይ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። የዓለም ሻምፒዮናው ግን ብዙ ጊዜ የሚደረገው ከዚያ በእጅጉ ዝቅ ባለ ቦታ ነው፤ ሞምባሳ፣ ኤደንብራ፣ ኦርሁስ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ቤልግሬድ። በሩ ደጋ ላይ፣ ቤቱ ቆላ ላይ እንደማለት ነው። የቆላው ልጅ ሳይለምድ ዛሬ መጥቶ ነገ ጃን ሜዳ ላይ ቢሮጥ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ «ሯጭ አይደለህም» ተብሎም ይመለሳል። ሯጭ ይሁን አይሁን ግን በዚያ አንድ ቀን አይታወቅም።

ጊዜውም አይጠብቅም። በወጣቶቹ ምድብ መሮጥ የሚችለው 16 ዓመት የሞላውና በውድድሩ ዓመት 20 የማይሞላው ነው። ርቀቱ 8 ኪሎ ሜትር ሲሆን አንድ አገር የምታሰልፈው 6 ልጆችን ብቻ ነው። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ ሻምፒዮናው በየዓመቱ መሆኑ ቀርቶ በየሁለት ዓመቱ እንዲሆን ተወሰነ። ለ17 ዓመት ልጅ ይህ ማለት አንድ ዕድል፣ ቢበዛ ሁለት ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይመስለኝም፤ ስትመጡ ያለፋችሁበት መንገድ ላይ ነው። አሠልጣኞች ከፍ ባለ ቦታ መኖርን፣ ዝቅ ባለ ቦታ ፈጣን ልምምድ መሥራትን ይመክራሉ። ብዙ አገሮች ይህን ለማግኘት ስፖርተኞቻቸውን በአውሮፕላን ያጓጉዛሉ። እዚህ ጎሬና ጋምቤላን የሚያገናኛቸው አንድ የመኪና መንገድ ነው። ተስፋ ያለው ልጅ ከምርጫው በፊት ጥቂት ሳምንታት ደጋው ላይ ቢቀመጥ ሳንባውም ደሙም ይዘጋጃል። የደጋው ሯጭ ደግሞ ሞቃት አገር ከመሄዱ በፊት ሁለት ሳምንት ባሮ ዳር ቢሰነብት የሞምባሳው ዓይነት ፀሐይ ባዳ አይሆንበትም።

በሙያዬ ሳስበው ደግሞ ሌላ ነገር ይታየኛል። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ለመሮጥ ከፍሎ ይወጣል ብሎ የገመተ ስንት ሰው ነበር? ባሮ ዳር በኅዳር ወር፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚጀምር የ8 ኪሎ ሜትር የወጣቶች ሩጫ ቢዘጋጅ ሆቴሉ ይሞላል፣ ባጃጁ ይሠራል፣ አሳ ጠባሿ ትሸጣለች። ከሁሉ በላይ ግን ሰዓት የሚይዝ ሰው ይገኛል። ልጁ ስንት ደቂቃ እንደሚሮጥ ስጠይቀው «ሰዓት የለኝም፣ ድልድዩን ነው የምቆጥረው» ነበር ያለኝ። ስንት ጊዜ ድልድዩን እንደሚመላለስ ያውቃል፤ ፍጥነቱን ግን እሱም ሌላ ሰውም አያውቀውም።

ለመሄድ ካሰባችሁ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። የካቲትና መጋቢት ሙቀቱ የሚበረታበት ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ዝናብ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ወባ ስላለ ሐኪም አማክሩ፣ አጎበር ሳትይዙ አትሂዱ። ባሮ ውስጥ አዞ አለ፤ ልጆቻችሁ ውኃው ቢያምራቸውም እንዳይገቡ ተጠንቀቁ። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። የወንዙን አሳ በትኩሱ፣ ማንጎውንም በወቅቱ ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ።

የሩጫ ጫማችሁንም ሻንጣ ውስጥ ክተቱ። በማለዳ ድልድዩ ላይ ወጥታችሁ ከልጆቹ ጋር ትንሽ ሩጡ፤ ከቻላችሁም የእጅ ሰዓት ይዛችሁ ሂዱና ሰዓታቸውን ያዙላቸው።